ለሕግ ትምህርት ዘገየሁ ለምትሉ ታናናሾቼ

ሥራ ይዛችሁ፣ ትዳር መሥርታችሁ፣ ልጅ እያሳደጋችሁ «ሕግ የመማር ምኞቴ አልተወኝም፤ ግን ጊዜው አለፈብኝ፤ ወኔውን ከየት ላምጣው?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ሠላሳን ገና አልፋችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ አርባን ልትደፍኑ ነው። እኔም የሕግ መጽሐፍ ለትምህርት የገለጥሁት አርባን ተሻግሬ ስለሆነ ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ከዚያ በፊት በአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ነበርሁ። የቅጥር፣ የዓመት ፈቃድ፣ የማስጠንቀቂያና የስንብት ደብዳቤ ማዘጋጀት የዕለት ሥራዬ ነበር።

የማምንበትን በግልጽ ልንገራችሁ። ወኔ ቁጭ ብለው ቢጠብቁት አይመጣም፤ ከምታውቁት ሰው ጉዳይ ይወለዳል። ሕግን በጥቅሉ መውደድ ብቻውን፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የዋለን ሰው ማታ ክፍል ውስጥ ለዓመታት አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው «ይህ ሰው እንዲህ መሆን አልነበረበትም» ብላችሁ የተቆጫችሁበት ነገር ነው። አብዛኞቻችሁ እንዲህ ያለ ቁጭት አላችሁ፤ ከሙያ ምርጫ ጋር አገናኝታችሁ ስላላያችሁት ብቻ እንደ ተራ ትዝታ ይዛችሁታል።

የእኔ ቁጭት ይርጋ፣ ማለትም ሕግ ክስ ለማቅረብ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን መሠረት ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 እንዲህ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011ም እንዲሁ ቀጥሏል።

እንግዲህ የተሰናበተ ሰው በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደሚከርም አስቡ። በባህላችን ነገርን በመክሰስ መጀመር ነውር ነውና ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ቢሮ ይመጣሉ፤ ቡና ይቀርብላቸዋል፤ «ፋሲካ ይለፍና እንነጋገራለን» ይባላሉ። ፋሲካ ያልፋል። ሰውየው ክፉ ላለመናገር፣ የእንጀራውን በር ላለመዝጋት ብሎ ዝም ይላል። ተስፋው ተሟጦ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ አራተኛው ወር ገብቷል፤ አሠሪው ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ ያቀርባል፤ የስንብቱ ትክክልነት ሳይመረመር መዝገቡ ይዘጋል። «በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውኃ ይቆማል» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ያ የሚተማመንበት ሕግ ራሱ ቀን እንደሚቆጥር የነገረው አልነበረም።

ሽማግሌ መላክ ይርጋን አያቋርጥም። አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ቢያምንለት ግን ይቋረጣል። አንድ ገጽ ወረቀት! ያንን ወረቀት ጠይቆ ለመቀበል የሚያስፈልገው እውቀት ብቻ ነበር። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ለመመዝገብ ሌላ ቀስቃሽ ነገር አላስፈለገኝም፤ በደከመኝ ማታ ሁሉ ከመቀመጫዬ ያላስነሣኝም ይኸው ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ። ዕድሜያችሁን እንደ ዕዳ ስትቆጥሩት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ከአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ጋር ስትወዳደሩ ትርፍ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ ባይ ነኝ። ነርስ የነበረች ጠበቃ የሕክምና ካርድ ስታነብ ያልተጻፈውንም ታያለች። ግንባታ ላይ የሠራ መሐንዲስ የክፍያ ሰርተፊኬትና የሥራ ርክክብ ምን እንደሆነ እንዲያስረዳው ባለሙያ አይፈልግም። የባንክ ብድር ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በውሉ ከተስማሙ የተያዘውን ንብረት ያለፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ እንዲሸጡ መፍቀዱን ያውቃል፤ ከዚያም በላይ ማስጠንቀቂያው ደርሶት የሚንቀጠቀጠውን ተበዳሪ በዓይኑ አይቷል። የነበራችሁበትን ሥራ ትታችሁ አትምጡ፤ ይዛችሁት ግቡ። ከሁሉም ዓይነት ሕግ ትንሽ ትንሽ ለመቅመስ የሚበቃ ዘመን ስለሌላችሁ፣ የምታውቁትን ዓለም ሕግ ከሥሩ እወቁ።

ትምህርቱ ይከብዳል፤ አልዋሻችሁም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻውን 3,367 አንቀጾች አሉት። ወጣቶቹ ይሸመድዱታል፤ እናንተ መሸምደድ ስለማትችሉ አወቃቀሩን ተማሩ። የትኛው ጉዳይ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደተቀመጠ ካወቃችሁ ቃሉን ከፍታችሁ ታገኙታላችሁ። ደግሞም አንቀጾቹ ለእናንተ ባዶ ቃል አይደሉም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ እንዳለበት የሚደነግገውን አንቀጽ 1723 ስታነቡ፣ በቃል ስምምነት ቤት ገዝቶ የቀረ ዘመድ ፊታችሁ ድቅን ይላል። እንዲህ የተነበበ አንቀጽ አይረሳም። ከሕጎቹ ጎን ለጎን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ፍርድ ላይ የተፈጸመ መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው ችሎት) ውሳኔዎችን ከመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ጀምራችሁ አንብቡ። አዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበርን የሕግ ትርጉም አስገዳጅ ካደረገ ወዲህ እነዚያን ቅጾች ሳያነቡ መከራከር አይቻልም። አብዛኛው ተማሪ የሚያገኛቸው ከተመረቀ በኋላ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ከሥራችሁ ፈቃድ ወስዳችሁ ችሎት ግቡና ተቀመጡ። አዲስ አበባ ያላችሁ ልደታ ሂዱ፤ ሌላ ከተማ ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ወዳለው ፍርድ ቤት። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ጠዋት ከተጠሩት መዝገቦች ስንቱ «ለመጥሪያ»፣ ስንቱ «ለመልስ»፣ ስንቱ «ለምርመራ» ተብሎ እንደተቀጠረ አዳምጡ። ሙያው በአብዛኛው ይህ ነው፤ መጠበቅ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ እንደገና ቀጠሮ መያዝ። ያንን አይታችሁ የባለጉዳዩ ነገር ካልለቀቃችሁ ተመዝገቡ። ካሰለቻችሁም ገንዘባችሁንና የቤተሰባችሁን ምሽት ሳታባክኑ ማወቃችሁ መልካም ነው። ለማዕረጉ፣ ለካባው፣ ወይም ጠበቆች ሀብታም ናቸው ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ግን እባካችሁ አትግቡበት። በዚህ ዕድሜ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢው ከለቀቀው ደመወዝ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ከትዳር አጋራችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ሽበት ይዞ ጀማሪ መሆንም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ልጃችሁ የሚሆን ዳኛ ፊት ቆማችሁ «ክቡር ፍርድ ቤት» ትላላችሁ፤ ያቀረባችሁትን መቃወሚያ ውድቅ ሲያደርግ እጅ ነሥታችሁ ትቀመጣላችሁ። ቢሮ ውስጥ ታላቅ መባል የለመደ ሰው ይህ ይጎረብጠዋል። የሚሻለው ቶሎ መቀበል ነው፤ ችሎት ውስጥ የሚመዘነው ማስረጃና ሕግ ነው። ከእናንተ የሚያንሱ ግን በሙያው የቀደሟችሁን ጠይቁ፤ ክስ አቀራረፅ ያስተማረኝ ከታናሽ ወንድሜ የሚያንስ ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው የዛሬው ጊዜ ከእኔ ጊዜ ይሻላል። ድሮ የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው በግሉ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ቢሮ፣ ጸሐፊ፣ ደንበኛ ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ነበሩ። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በማኅበር ተደራጅተው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ስለዚህ የሒሳብ ወይም የግንባታ እውቀታችሁን ይዛችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ገብታችሁ ከልምድ ባለቤቶች ጎን መሥራት ትችላላችሁ።

በመጨረሻም ባለፈው ለጻፍህልኝ መምህር ወንድሜ። የሥራ ባልደረባህ በዲሲፕሊን ክስ ከሥራ ሲታገድ የክሱ ማስታወቂያ ተሰጥቶት፣ መልስና ምስክር እንዲያቀርብ ዕድል አግኝቶ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም ብለህ እንደተናደድህ ጽፈህልኛል፤ በማግሥቱም «ለእኔ የሚሆን የሕግ ዘርፍ የቱ ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። መልሱን በመጀመሪያው ደብዳቤህ ራስህ ጽፈኸዋል። የመንግሥት ሠራተኞችን ሕግና የዲሲፕሊን አፈጻጸም ደንቡን ገዝተህ አንብብ፤ ጉዳዩ ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ተነሥቶ በይግባኝ እስከ አስተዳደር ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚሄድ ተከታተል። ባልደረባህ ይግባኝ የሚልበት ቀን ሳያልፍ ውሳኔው በጽሑፍ የደረሰው መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቀው። ምዝገባውን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።