ሳይዛወሩ በሌላ ስቴት ሥራ መፈለግ፦ ጥያቄና መልስ

ከዲሲ አካባቢ ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ኮሎራዶና ወደ ሲያትል ለመዛወር ያሰባችሁ ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች መልሱ ይኸው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ዳላስ ላይ ሃያ ቦታ አፕላይ ባደርግም የጠራኝ የለም። የዘመዴን የዳላስ አድራሻ ሪዙሜዬ ላይ ላስገባ?

መልስ፦ ባያደርጉት ይሻላል። «ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ» ቢሉዎት ምን ሊመልሱ ነው? ባክግራውንድ ቼክ (ያለፈ ታሪክ ማጣሪያ) ሲሠራም የኖሩባቸው ቦታዎች ሊወጡ ይችላሉ፤ ያኔ ነገሩ የአድራሻ መሆኑ ቀርቶ የመታመን ጉዳይ ይሆናል። ቀጣሪውን የሚያስፈራው ርቀቱ አይደለም፤ ሰውዬው ይመጣ አይመጣ አለማወቁ ነው። የዚህ መድኃኒቱ የተቆረጠ ቀን ነው። ሪዙሜው ላይ ከስምዎ ሥር በእንግሊዝኛ «ኦገስት 1 ወደ ዳላስ እዛወራለሁ፣ ወጪውን ራሴ እሸፍናለሁ» የሚል አንድ መስመር ያስገቡ። «ለመዛወር ፈቃደኛ ነኝ» የሚለው ግን «ካገኘሁ አስብበታለሁ» ተብሎ ነው የሚነበበው። የማመልከቻ ቅጹ ላይ የሜሪላንዱን አድራሻ እንዳለ ይሙሉ።

ሌላው ቅጹ ውስጥ ያለች አንዲት ጥያቄ ናት፦ «የቪዛ ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግዎታል?» ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው መልሱ «አያስፈልገኝም» ነው። «አዎ» ያለ ሰው ሪዙሜውን ማንም ሳያይለት ኮምፒውተሩ ሊጥለው ይችላል። ሃያዎቹ ላይ ምን እንደሞሉ መለስ ብለው ይዩ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። መጋዘን፣ ሆቴልና ፓርኪንግ ቶሎ የሚጀምር ሰው ስለሚፈልጉ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲቀር ማመልከት ይበቃል። ለሆስፒታልና ለቢሮ ሥራ ግን ሁለት ሦስት ወር ቀደም ይበሉ። አሁን ያሉበት ድርጅት ዳላስም ቅርንጫፍ ካለው ከሁሉ በፊት ዝውውር ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ነኝ። ቴክሳስ ስሄድ ፈተናው ይደገማል?

መልስ፦ ሬጅስትሪው (የስቴቱ የሲኤንኤ መዝገብ) ላይ ስምሽ ጸንቶ፣ ያለ ጥፋት ካለ ብዙውን ጊዜ አይደገምም፤ እዚያው ቨርጂኒያ ሆነሽ በሪሲፕሮሲቲ (የሌላ ስቴት ምስክር ወረቀት በሚታወቅበት መንገድ) ወደ ቴክሳስ ሬጅስትሪ እንዲዛወር ታመለክቻለሽ። ሥራ ከመፈለግሽ በፊት ይህን ጨርሺ፤ የቴክሳስ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ስቴት ሬጅስትሪ ነው።

እኛን የሚያስቸግረን ስም ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሬጅስትሪው ላይ የለም፤ ወይም አንዷ ፊደል ተለያይታለች። ሁለቱ ካልገጠሙ ማመልከቻው እዚያው ይንጠለጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ የቨርጂኒያውን አስተካክይ። በሙያው ተከፍሎሽ ሳትሠሪ 24 ወር በተከታታይ ካለፈ ደግሞ በፌዴራል ሕግ እንደገና መሠልጠን ወይም መፈተን አለ። ሐሳብሽን ቀይረሽ ካሊፎርኒያ ካልሽ የሥልጠና ሰዓትሽን ቁጠሪ፦ የፌዴራሉ ዝቅተኛ 75 ሰዓት ሲሆን የካሊፎርኒያው 160 ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ለሆንን ሰዎችስ?

መልስ፦ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት የነርሶች ኮምፓክት (አንዱ የሌላውን የነርስ ፈቃድ የሚቀበልበት የስቴቶች ስምምነት) አባል ናቸው። መልቲስቴት ላይሰንስ (በአባል ስቴቶች ሁሉ የሚሠራ ፈቃድ) ካላችሁ በያዛችሁት ሥራ መጀመር ትችላላችሁ፤ ነዋሪነታችሁን ከቀየራችሁ በኋላ ግን በ60 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ስቴት ላይሰንስ ማመልከት ግዴታ ነው። ካሊፎርኒያና ኔቫዳ ኮምፓክቱ ውስጥ ስለሌሉ ወደዚያ የምትሄዱ ላይሰንሱን ቀድማችሁ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለውስ?

መልስ፦ ከተዛወሩ በ30 ቀን ውስጥ ወደ አዲሱ ስቴት ይቀየራል። ሃዝማት (አደገኛ ዕቃ የመጫን ፈቃድ) ካለዎት የጽሑፍ ፈተናው ሊደገም ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲያትል ለቪዲዮ ኢንተርቪው «10 ኤኤም» ብለውኛል። በየት ሰዓት ነው?

መልስ፦ በእነሱ። ሲያትል በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን ዲሲ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት የሚቆጥር ሰው ሦስተኛ ሲጨመርበት መሳሳቱ አይቀርም፤ «በዲሲ 1 ፒኤም ማለት ነው አይደል?» ብለው በኢሜይል ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ኦፈር ሌተር (የቅጥር ደብዳቤ) ደርሶኛል። ሥራዬን ልልቀቅ?

መልስ፦ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። «ባክግራውንድ ቼክና የመድኃኒት ምርመራ ካለፈ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ አለው። ሁለቱም ማለቃቸውንና የመጀመሪያ ቀንዎን በጽሑፍ ሲያገኙ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ይስጡ። አስቀድሞ በፈቃዱ የለቀቀና ቅጥሩ የተሰረዘበት ሰው የሥራ አጥ ክፍያ ማግኘቱም ይከብደዋል።

ደብዳቤው ለቤትም ይጠቅማል። ብዙ አከራዮች ገቢዎ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ለ1,500 ዶላር ቤት በወር 4,500 ማለት ነው። ገና ደመወዝ ላልጀመረ ሰው ኦፈር ሌተር ማስረጃ ይሆነዋል።

በዋትሳፕ ጽሑፍ ብቻ «ቀጥረንሃል» ብሎ ለዕቃ መግዣ ቼክ የሚልክ ግን ሌባ ነው። ባንኩ ብሩን ቀድሞ ቢለቅም ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ዕዳው የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፤ ለዜግነት ላመለክት ነበር። መዛወሬ ያበላሸዋል?

መልስ፦ አያበላሸውም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይጠብቁ። ለኤን-400 (የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ) በሚያመለክቱበት ስቴት ወይም ዲስትሪክት ቢያንስ ሦስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ጊዜዎ ደርሶ ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ያስገቡ፤ ፋይሉ ወደ አዲሱ ቢሮ ይከተልዎታል። ካልሆነ አዲሱ ስቴት ላይ ሦስት ወር ጠብቀው ነው። በተዛወሩ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻዎን ለዩኤስሲአይኤስ (ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ) ያሳውቁ። ፖስታ ቤት አድራሻ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ግሪን ካርድ የያዘ ፖስታ ወደ አዲሱ ቤት አይዞርም፣ ወደ ላኪው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ቀጣሪው የመዛወሪያ ገንዘብ ቢሰጠኝስ? የጤና መድኅኑስ?

መልስ፦ ገንዘቡ ከ2018 ወዲህ እንደ ደመወዝ ታክስ ይቆረጥበታል፤ 3,000 ተብሎ ሙሉው አይደርስዎትም። ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድኅን) ደግሞ ስቴት አይሻገርም። ቴክሳስ ሜዲኬይዱን ለተጨማሪ ጎልማሶች ስላላሰፋ ሜሪላንድ ያገኝ የነበረ ጤነኛ ጎልማሳ እዚያ ላያገኝ ይችላል። የሥራ ቦታው መድኅን ከስንተኛው ቀን እንደሚጀምር ኦፈሩን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ስቴት ላይ በሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ሥራ መጀመር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ለአይ-9 (ለመሥራት መብት እንዳለዎት ቀጣሪው ለሚያረጋግጥበት ቅጽ) ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ጋር ይሠራል፤ ግሪን ካርድ ካለ እሱ ብቻውን ይበቃል። ዋናውን ሰነድ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ሥራ በጀመሩ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መታየት አለበት፣ ከዕቃው ጋር በጭነት የላከ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው።