ክረምት ላይ ማውንቴን ባይክ ለምትነዱ፦ ላቫጆና የተቃጠለ ዘይት አታስጠጉ

ወንድሜ፣ «ክረምት ገባ፤ ማውንቴን ባይኬን ይዤ እንጦጦ መውጣቴን ልቀጥል ወይስ እስከ መስከረም ልስቀለው?» ብለሃል። አትስቀለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንጦጦ አቧራ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል። ግን ሳይክልህን ለማንም ሰው እጅ አትስጥ።

1. ጎማ። በጋ ላይ 40 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያው ነው) የምትነፋ ከሆነ ወደ 28 አውርደው። እርጥብ ሥር ላይ የሚይዝልህ እሱ ነው። ጎሚስታው ጋ ቁጥሩን ራስህ ንገረው፤ ዝም ካልከው ድንጋይ አድርጎ ይሰጥሃል።

2. ፓራፋንጎ። ጎማው ላይ የተጠጋውን አታስገጥም፤ ጭቃው መሃል ይገባና ጎማው አልዞር ይላል። ወደ አቃቂ መረሬ፣ ወደዚያ ተጣባቂ ጥቁር አፈር፣ የምትወርድ ከሆነማ ጨርሶ አይሆንም። ከፍ ብሎ የሚታሰረውን ግዛ።

3. እጥበትና ዘይት። ገንዘቤን የበላው ይሄ ነው። አንድ ክረምት ሰርቪስ እንዲደረግልኝ ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። በግፊት ውሃ እንዳታጥቡት ብዬ ተናገርኩ። መካኒኩ «ሥራችንን እናውቃለን» አለኝና ዞር ስል ላቫጆ ወሰደው። ያ ውሃ በቀጥታ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፤ ግራሶውን አጥቦ ዝገት ይተክላል። አልበቃውም። ካቴናው ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አፈሰሰ፤ በዚያው ጨርቅ ደግሞ የፍሬኑን ዲስክ ወለወለ! በማግስቱ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ፍሬኑ ጮኸ እንጂ አልያዘም። ዳር ያለው አፈር ላይ አስገብቼው ነው እግዚአብሔር ያተረፈኝ። ተመልሼ ስነግረው «ድሮም ፍሬንህ ቻይና ነው» አለኝ። ይቅርታ እንኳን የለም። ብዙም ሳይቆይ የሁለቱም ጎማ ኩሽኔታ ማጉረምረም ጀመረ። ፓድ (ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘውን የፍሬን ሸራ) ገዛሁ፣ ኩሽኔታ ገዛሁ፣ የእጅ ዋጋ ከፈልኩ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲህ ማንም አይነካብኝም። ባልዲ ውሃ፣ ስፖንጅ፣ ትንሽ ኦሞ ይበቃል። ካቴናውን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳው፣ አድርቀው፣ በየቋጠሮው አንድ ጠብታ የሳይክል ዘይት፣ ከዚያ ከላይ ያለውን ጥረገው። ከላይ የቀረ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል፤ አሸዋው ካቴናውን ይሞርደዋል። የሳይክል ዘይት ካጣህ የሲንጀር (የልብስ ስፌት መኪና) ዘይትም ይሠራል፤ ቀጭን ስለሆነ ግን ዝናብ ቶሎ ያጥበዋል፣ ከየጉዞው በኋላ ድገመው። ዲስኩን ከፋርማሲ በምትገዛው አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ብቻ። ዘይት የጠጣ ፓድ አይመለስም፤ ለማዳን አትድከም። ስትቀይር የብረቱን ዓይነት ውሰድ፣ ጭቃ ላይ ለስላሳ ከሆነው ከሬዚኑ ዓይነት የበለጠ ይቆያል። ዲስኩ ላይ «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» የሚል ካለበት ግን ሬዚኑን ግዛ።

ካቴናውን በማስመሪያ ለካው። 24 ቋጠሮ ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል አዲስ ሲሆን ልክ 12 ኢንች ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ከጨመረ ቀይረው። ከዘገየህ ማርሹንም ይዞት ይሄዳል፣ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። ይህን በጊዜ እያደረግሁ የኋላ ማርሼ እስካሁን አልተቀየረም። የሰፈር ልጆችም አሁን የሚያስለኩት እኔ ጋ ነው።

አንድ ማንም የማይነግርህ ነገር፦ የኮርቻውን ዘንግ ንቀልና ሳይክሉን ገልብጠው። ውስጡ የገባ ዝናብ ካለ ይፈሳል። ካደረቅከው በኋላ ዘንጉን ግራሶ ቀብተህ መልሰው። የፓድህን ቅርጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ መርካቶ ምን ብለህ እንደምትጠይቅ እነግርሃለሁ።