የ16ቱ ላሞች ወተት፦ ፋጉሎ ወይስ ዕድል?

ጥያቄ፦ የምሠራው ሱሉልታ በሚገኝ አንድ የወተት አምራቾች ማኅበር ውስጥ ነው። ያሉን 200 የሚታለቡ ላሞች በቀን በአማካይ 10 ሊትር ይሰጣሉ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም (የእያንዳንዷ ላም ወተት ከአማካዩ የሚርቅበት የተለመደ መጠን) 3 ሊትር ነው። ከእነዚሁ መካከል የኑግ ፋጉሎ የተጨመረላቸው 16 ላሞች ግን አማካያቸው 11.5 ሊትር ሆኗል። ሊቀ መንበራችን «ፋጉሎው ሠርቷል» ሲሉ፣ ሒሳብ ሹማችን «አጋጣሚ ነው» ይላሉ። የማንኛቸውን እንቀበል?

መልስ፦ ለአንዱ ወገን ከመፍረዳችን በፊት የሒሳብ ሹሙን ቃል ለጊዜው እውነት ነው ብለን እንነሣ፤ የመላምት ፍተሻ የሚጀምረው «ለውጥ የለም» ከሚለው ግምት ነውና። ፋጉሎው ምንም ካልፈየደ፣ 16ቱ ላሞች ከ200ው መካከል በዕጣ እንደ ወጡ ይቆጠራሉ። የእያንዳንዷን ላም ወተት በብጣሽ ወረቀት ጽፈው፣ ቀላቅለው 16 ቢያወጡና አማካዩን ቢመዘግቡ፣ ወረቀቶቹንም እየመለሱ ይህንኑ ደጋግመው ቢያደርጉ፣ አብዛኛው አማካይ በ10 ሊትር ዙሪያ ይሰበሰባል፤ 11.5 ወይም ከዚያ በላይ የሚመጣው ከ100 ዙር በሁለቱ ያህል ብቻ ነው።

ወረቀት ሳይቆርጡም ማስላት ይቻላል። የ16 ላሞች አማካይ የሚዋዥቀው 3 ሊትር ለ16 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ4 ተካፍሎ፣ በ0.75 ሊትር ነው። የታየው የ1.5 ሊትር ብልጫ የዚህ 2 እጥፍ ሲሆን፣ በተለመደው የ5 በመቶ መለኪያ (ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች፣ ዕጣ ብቻውን ከ100 ዙር ከ5 በማይበልጠው የሚያመጣው ልዩነት) የሚጠየቀው 1.96 እጥፍ ስለሆነ ሊቀ መንበሩ ለጥቂት አልፈዋል። 3 ሊትሩ ከ16ቱ ላሞች ብቻ የተሰላ ቢሆን ኖሮ ግን መሥፈርቱ ወደ 2.13 ከፍ ስለሚል፣ ድሉ የሒሳብ ሹሙ በሆነ ነበር። ለአነስተኛ ናሙና የሚሆነውን ይህን ስሌት በ1908 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ጠማቂዎች ባልደረባ ነበር፤ ዘዴው ከገብስና ከብቅል ሥራ የወጣ እንደ መሆኑ ለመኖ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። የ5 በመቶው ድንበርም የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ያስለመደው ልማድ እንጂ ከሰማይ የወረደ ሕግ ስላልሆነ፣ በ1.96 እና በ2 መካከል ባለችው ልዩነት ማኅበር ባይጣላባት እመርጣለሁ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደብዳቤው ያልነገረን ነገር ነው፦ 16ቱ ላሞች እንዴት ተመረጡ? ገና የወለደች ጥገት፣ ከወለደች ብዙ ወራት ካለፏት ላም የበለጠ ወተት እንደምትሰጥ ጠያቂያችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ፋጉሎ የገዙትም አቅም ያላቸው አባላት ከሆኑ፣ ላሞቻቸው ቀድሞውኑ የተሻለ የሆልስታይን (ብዙ ወተት የሚሰጥ የውጭ ዝርያ) ደም ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከላይ ያለው ስሌት የሚመልሰው ዕጣ ብቻውን ይህን ያህል ብልጫ ያመጣ እንደሆነ ነው፤ መኖን ከዝርያ፣ ዝርያን ከወሊድ ጊዜ አይለይም። «ከ100 ሁለት» የሚለው ውጤትም ፋጉሎው የመሥራቱ ዕድል 98 በመቶ ነው ማለት አይደለም፤ ይህ ስሕተት በተማሩ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ይዘወተራል።

ስለዚህ ሙከራውን ሲደግሙ በተቀራራቢ ጊዜ የወለዱ ላሞችን መዝግበው፣ ፋጉሎ የሚያገኙትን በእውነተኛ ዕጣ ይለዩ፤ ለስንት ሳምንት እንደሚለካም ወተቱ ከመታየቱ በፊት በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ።