አንድ ቃል ይዞ ዝም ማለት ጸሎት ነው?

ጥያቄ፦ መጋቢ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። የምኖረው አሜሪካ ነው። የሥራ ባልደረባዬ የሆነች አንዲት ክርስቲያን “ሴንተሪንግ ፕሬየር” የሚባል ጸሎት አስተማረችኝ። አንድ ቃል መርጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ 20 ደቂቃ ዝም እላለሁ። ሐሳብ ሲመጣ ወደዚያ ቃል እመለሳለሁ። ጥቅሷ “ዕረፉ፥ እኔም አምላክ እንደ ሆንሁ እወቁ” የሚለው ነው። እውነት ለመናገር ያረጋጋኛል። ግን ልቤ አላረፈም። ልቀጥል ወይስ ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዝምታን አትፍሪ። እኛ ጮክ ብሎ መጸለይ ስለለመደብን፣ ዝም ያለ ሰው የሚጸልይ አይመስለንም። ሐና ስትጸልይ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯ ብቻ ነበር፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት።

መደጋገምም በራሱ ጥፋት አይደለም። መዝሙር 136 “ምሕረቱ ለዘላለም ነውና”ን 26 ጊዜ ይላል። ጌታም በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ደጋግሞ ጸልዮአል። ማቴዎስ 6፥7 የሚከለክለው በከንቱ መድገምን ነው። (የእኛስ በየመሀሉ “ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ” ማለት?)

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ይህን ጸሎት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዘጋጁት በማሳቹሴትስ፣ ስፔንሰር ገዳም የነበሩ የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው፤ ሜኒንገር፣ ፔኒንግተንና ኪቲንግ። ወጣቱ ወደ ቡድሃና ወደ ሂንዱ ተመስጦ ሲነጉድ አይተው፣ “እኛም ቤት አለ” ለማለት ነው። ቃሉ ማንትራ (በእነዚያ ተመስጦዎች የሚደጋገም ቃል) አይደለም፣ ለእግዚአብሔር ራስን የመክፈት ምልክት ነው ይላሉ። ይህን በቅንነት እቀበላቸዋለሁ። ችግሬ ሌላ ነው። በዚህ ሥርዓት ስለ መስቀሉ እንኳ ብታስቢ፣ እሱንም ትለቂዋለሽ። እዚህ ላይ አልስማማም።

ጥቅሱን እስቲ ከነጎረቤቱ አንብቢው። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር ጦርነት ይሻራል፣ ቀስት ይሰበራል ይላል። “ዕረፉ” ማለት እጃችሁን ሰብስቡ፣ ውጊያውን ተዉ ነው። ስለ ባዶ አእምሮ አያወራም። እንዲያውም ቀጥሎ ያለው “እወቁ” ነው።

መዝሙር 1 ላይ ጻድቁ በሕጉ ቀንና ሌሊት “ያስባል” ይላል። ዕብራይስጡ “ሃጋ” ነው፤ ማጉተምተም። ኢሳይያስ ይህንኑ ቃል ለአንበሳ ማግሳትና ለርግብ ድምፅ ይጠቀምበታል። ዳዊት የሚደግሙ አያቶችን አስቢ፤ ከንፈራቸው አያርፍም። የመጽሐፍ ቅዱስ ማሰላሰል እንዲህ አፍ የሚሞላ ነገር ነው።

ስለዚህ ዘዴውን ተይው፣ 20 ደቂቃውን ግን አትልቀቂው። መዝሙር 131ን ያዢ፤ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ቀስ ብለሽ፣ ለጆሮሽ በሚሰማ ድምፅ አንብቢው። ቃሉ ሲነካሽ ቆም በይና ለጌታ መልሺለት። ዝምታ ከመጣ ይምጣ፤ ጡት የጣለ ሕፃንም እናቱ እቅፍ ውስጥ ዝም ይላል። መሀል ላይ የቤት ኪራይ ወይም የእናትሽ ሕመም ትዝ ካለሽ ደግሞ አታባርሪው። እሱኑ ለጌታ ንገሪው።