«ታዲያ በየዓመቱ ልንወልድ ነው?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ትዳር ከጻፍኩ ወዲህ ስለ ካቶሊኮች የሚጠይቀኝ በዝቷል። አራቱን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እጮኛዬ ካቶሊክ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የወሊድ መቆጣጠሪያ አይፈቀድም አለችኝ። ታዲያ በየዓመቱ ልንወልድ ነው?» (ከአራት ኪሎ)

አይዞህ ወንድሜ። «የቻላችሁትን ያህል ውለዱ» የሚል ትምህርት የለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1968 ባወጡት «ሁማኔ ቪቴ» በተባለው መልእክት፣ ባልና ሚስት በቂ ምክንያት ካላቸው አራርቀው መውለድ ይችላሉ። ጥያቄው «በምን መንገድ?» ነው። በትምህርቱ መሠረት ግንኙነት ሁለት ነገር ይዟል፤ ሁለቱን ያፋቅራል፣ ለሕይወትም በር ይከፍታል። አንዱን ከሌላው ሆን ብሎ መነጠል አይፈቀድም። ስለዚህ እንክብሉም፣ መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ ኮንዶሙም የለም። ሴቷ በማታረግዝባቸው ቀናት ብቻ መገናኘት ግን ይቻላል። በፆም መታቀብን ለምታውቅ ለአንተ ነገሩ ያን ያህል ባዳ አይሆንብህም።

«ቀን መቁጠርም ያው ላለመውለድ ነው። ምን ለየው?» (ከካዛንቺስ)

ይቺ ጥያቄ እኔንም ስታደክመኝ ኖራለች። የእነሱን መልስ በእኛ ቤት ላስረዳ። እንግዳ ማስተናገድ ካልቻልክ ድግሱን ትተዋለህ። ደግሰህ በር ላይ ዘበኛ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ልዩነቱ ይታየኛል፤ የማይታየው ሰው ግን ሞኝ አይደለም። ጉዳዩን እንዲያጠኑ ከተሰየሙት አማካሪዎች አብዛኞቹ በ1966 ትምህርቱ ይለወጥ ብለው ነበር። ጳጳሱ ግን አልተቀበሏቸውም። ደግሞ «ቀን መቁጠር» ስንል ካላንደር ላይ ማክበብ ብቻ አይደለም። የሰውነት ሙቀትና የማኅፀን ፈሳሽ በየቀኑ ይታያል። ትምህርት ይፈልጋል። የባልን ትዕግሥትም፣ እሱን እንኳ ማን ያስተምረዋል!

«የወር አበባ ሕመም አለብኝ። ሐኪም እንክብል አዘዘልኝ። ካቶሊክ ነኝ፣ ልተወው?» (ከፒያሳ)

አትተዪው። ለሕክምና የሚወሰድ መድኃኒት፣ እግረ መንገዱን እርግዝና ቢከለክልም፣ በዚያው መልእክት ተፈቅዷል።

«እኔና ባለቤቴ 60ን አልፈናል። መውለድ ከቀረ መተኛት ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ።» (ከአራዳ)

ኧረ በፍጹም እትዬ! ጋብቻ ለመውለድ ብቻ የተመሠረተ አለመሆኑን የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 በግልጽ አስቀምጦታል። በዕድሜ ምክንያት ልጅ ባይመጣ እናንተ የከለከላችሁት ነገር የለም። ያንን የሚሉት ከቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ከቡና ላይ ሰምተውት ይሆናል።