ሐሳብ ከየት ይመጣል ላላችሁኝ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ የቡና ካርቶን ዲዛይን ልታሳየኝ መጣች። «ጋሼ፣ ፒንተረስት ላይ ያላየሁት ምስል የለም። ስሠራው ግን የሌላ ሰው ይመስለኛል። እርስዎ ሐሳብ ከየት ነበር የሚያመጡት?» አለችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በወጣትነቴ እዚሁ ጅማ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ያኔ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም የሚቀባው በእጅ ነው። ባለሙያው ስንጥር ላይ ጥጥ ይጠቀልልና የዘይት ቀለም ጫፉን ብቻ ያስነካል። ጉንጩን ቀባ ያደርግና አብዛኛውን መልሶ ይጠርገዋል። የቀረው ስስ ስለሆነ የፎቶው ጥላ ከሥር ይታያል። ከንፈር ላይ ቀለም ካበዛህ ሙሽራዋ ታለቅሳለች፤ አባቷ ደግሞ አይከፍልም።

ከኋላ የሚሰቀለው ሸራ ደግሞ ጉድ ነበር! ሐይቅ፣ ጀልባ፣ በሰማዩ ላይ አውሮፕላን። የሣለው ሰው ስሙን እንኳ አልጻፈበትም። ባለ ቀለም ፊልም ሲመጣ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ሸራውን በኋላ አንድ ግቢ ውስጥ አየሁት፤ ዝናብ ሲያስፈራራ የተሰጣ ቡና ይሸፍኑበታል። ልግዛችሁ ብል፣ «ቡናው ይግባና ትወስዳለህ» አሉኝ። ቡናው ሲገባ ሥዕሉ ታጥቦ አልቋል። ያ አውሮፕላን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናንተ ሴቭ ታደርጋላችሁ እንጂ አታዩም። ምስሉ እንዴት እንደተሠራ ብጠይቅ ዝም ነው። እኔም ብሆን ማታ ማታ ኢንስታግራም ላይ የድሮ የጉዞ ፖስተር ሳይ አመሻለሁ፤ አልዋሽም። ያኔ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚታተም ቀለም ሲበዛ ወጪው ይበዛል። ሠዓሊው በሦስት በአራት ቀለም ተራራውን ከነፀሐዩ ማውጣት ነበረበት።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕልስ? ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ፊደል ያልቆጠረም ይለየዋል። ከዚህ የተሻለ ሎጎ አሳዩኝ።

አንቺ ግን ልጄ፣ እዚሁ ጅማ አጠገብ ጅሬን ኮረብታ ላይ ውጪና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ እዪ። ወይም ገበያ ሂጂና ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ገልብጠሽ እዪው፤ ላዩን ያለሰልሱታል፣ የመሣሪያው ጭረት የሚቀረው ከሥር ነው። በእርሳስ ሣዪው። ሻጩ ከተነጫነጨ ግዢው። ደግሞ እባክሽ፣ ያቺን ጀበና ከካርቶኑ ላይ አውርጂያት። የከተማው ካርቶን ሁሉ ጀበና ነው።