የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጓሮዬ ውስጥ ምኑ አረም ነው ምኑ ተክል?

ጥያቄ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እኔ አስር አመት ሙሉ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የኖርኩት፣ ተክል ሲባል በረንዳዬ ላይ ያለች አንዲት ጤና አዳም ብቻ ነበረችኝ። ሚያዝያ ላይ ኮተቤ አካባቢ አሮጌ ግቢ ገዝተን ገባን። የሸጡልን እናት ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ከሄዱ ሁለት አመት አልፏቸዋል፣ ጓሮውን ማንም ስላልነካው ጫካ ሆኗል በቃ። ቅጠሉ ዘይት የተቀባ የሚመስል ቁጥቋጦ በረድፍ አለ፣ አጥሩ ላይ የተንጠላጠለ ትንንሽ ፍሬ በዘለላ የያዘ ነገር አለ፣ የቆሻሻ ጉድጓዱ ጋ ነጭ ጡሩንባ የመሰለ አበባና እሾሃማ ድቡልቡል ፍሬ ያለው አለ፣ መሬቱ ደግሞ እዚህም እዚያም አፈር ተቆልሎበታል። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ትልልቅ ወፎች እየመጡ እንደ ሰው ያሽካካሉ። ባለፈው ልጄ እስስት ይዞ መጣና እናቴ መርዝ ነው ጣለው እያለች ግቢውን ቀወጠችው። ባለቤቴ ሁሉንም አስመንጥረን ታይልስ እናንጥፍበት መኪናም ይቆምበታል ብሎ የቀን ሰራተኛ ተነጋግሯል። እኔ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ

እህቴ፣ የቀን ሰራተኛውን ቢያንስ እስከ ጥቅምት አቆዪው። አሁን ግንቦት ላይ የምታዪው የጓሮው ግማሹ ነው። ክረምቱ ሲገባ አፈር ውስጥ የተኛው ዘር ይነሳል፣ አደይ አበባ ካለሽ እንኳን እስከ መስከረም አታውቂውም፣ ነሐሴ ላይ ተራ አረም ነው የሚመስለው፣ ስንቱ ሰው ነው ነቅሎ ጥሎት ለእንቁጣጣሽ ከመንገድ ላይ የሚገዛው (እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ)።

የማይቆየው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የቆሻሻ ጉድጓዱ ጋ ያለው። ከነገርሽኝ አበባና ፍሬ አስተናግር ነው፣ ዕፀ ፋሪስም ይሉታል። አስተናግር የተባለው በከንቱ አይደለም፣ የበላውን ሰው ብቻውን ያስወራዋል፣ የሌለ ነገር ያሳየዋል። ቅጠሉም አበባውም ዘሩም መርዝ ነው፣ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ያ እሾሃማ ፍሬ ሲፈነዳ የሚረግፈው ጥቁር ዘር መጫወቻ ይሆናል። ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲላላ ጓንት አድርገሽ ከነሥሩ ንቀዪው፣ ፍሬው ሳይፈነዳ በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቢው፣ እንዳታቃጥዪው፣ ጭሱም ጥሩ አይደለም። አንዱ ፍሬ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ዘር ስላለና ዘሩም አመታት አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ለሚቀጥሉት ክረምቶችም ቦታውን አትርሺው። አያድርገውና ልጅ ቢቀምሰው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የአይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይዘባርቃል፣ ያኔ ወተት ምናምን እያላችሁ ጊዜ ሳታጠፉ ቅጠሉን ይዛችሁ ቀጥታ ሃኪም ቤት ነው።

ዘይት የተቀባ የመሰለው ጌሾ ነው ብዬ እወራረዳለሁ፣ በተለይ ፍሬው ቀይ ሆኖ ቆይቶ የሚጠቁር ከሆነ። በረድፍ ከተተከለማ እኚያ እናት ጠላ ይጠምቁ ነበር ማለት ነው፣ ጎረቤት ጠይቂ።

የአጥሩ እንዶድ ይመስለኛል። ጥቂት ፍሬ ጨፍልቀሽ ውሃ ውስጥ እሺው፣ አረፋ ከደፈቀ እሱ ነው፣ አይንሽን ግን ጠብቂ፣ ለምግብም አይሆንም። ሳሙና ሳይስፋፋ እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት የነበረው ነው። እንዲያውም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ስለሆነ ምርምሩ ከዚያ ተጀመረ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙበት። እና ይሄን ነው ባለቤትሽ በታይልስ ሊቀይረው የፈለገው!

እስስቷን በተመለከተ ለእናትሽ በአክብሮት ንገሪልኝ፣ መርዝ የላትም። ቀለሟን የምትቀይረው ለመደበቅ ብቻ ሳይሆን ስትናደድ፣ ስትፈራ፣ ሲበርዳትም ጭምር ነው፣ ሁለቱ አይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ፣ ምላሷን ስትወረውረው ከሰውነቷ ይረዝማል፣ ዝንቡንና ፌንጣውን በሱ ነው የምትለቅመው። ልጅሽ ይያት ግን አይያዛት፣ ስትያዝ ትጨነቃለች፣ ካገኛት ቁጥቋጦ ላይ ይመልሳት። የተባይ መድሃኒት ደግሞ ጓሮው ላይ አትርጪ፣ ምግቧን ነው የምትገድዪባት።

የሚያሽካኩት ጋጋኖ ናቸው፣ ምንቃራቸው ረጅምና ወደታች የጎበጠ፣ ጉሮሯቸው ስር ሥጋ የተንጠለጠለ ከሆነ በቃ እነሱ ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በሌላ አለም የሉም፣ ወፍ ተመልካች ፈረንጅ እነሱን ለማየት ፕሌን ተሳፍሮ ይመጣል አንቺ በነጻ ትቀሰቀሻለሽ። ሳርሽ ውስጥ የሚለቅሙት ትልና የጥንዚዛ እጭ ስለሆነ አታባሪያቸው።

የአፈሩ ቁልል የፍልፈል ሥራ ነው። እሱ ላይ ብዙም አላዝንልሽም አልደግፈውምም፣ ሥር በሊታ ስለሆነ ድንችና ካሮት ብትተክዪ ይጎዳሻል፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖረው አንድ ብቻ ነው ግን፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ቁልል የአንድ የሁለት ፍልፈል ሊሆን ይችላል። አትክልትሽን በከረጢት ወይ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ትከዪና ተዪው።

ባለቤትሽን ለማግባባት፣ መኪናዋ የምትቆምበትን ያህል ብቻ ከበሩ በኩል ያስነጥፍ፣ የኋላው አፈር ሆኖ ይቅር፣ ሁሉንም ካስነጠፈው ግን የሐምሌ ጎርፍ መግቢያ አጥቶ ሳሎናችሁ ድረስ ሊመጣ ይችላል። በነካ እጅሽ ደግሞ አበባው ግንዱን እንደ ቀለበት እየከበበ ወደ ላይ የሚደረደር ብርቱካናማ ነገር ካገኘሽ ራስ ክምር ነው፣ አታስቆርጪው፣ የአበባ ማር የምትመጥ ቀጭን ምንቃር ያላት ትንሽዬ ወፍ ትመጣበታለች፣ ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ ነው የሚያብለጨልጨው፣ ሳይንሳዊ ስሟ ላይ ተከዜ የሚል አለበት፣ የኛው ወንዝ። ካየሻት ፎቶዋን ላኪልን።